ያላመመው ቁስል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጸሎተ ሐሙስ፥ ሕጽበተ እግር በሚፈጸምበት ሰዓት፥ ከካህናቱ አንዱ ሆኜ የአባቶችን እግር አጥብ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ የስኳር በሽታ የቆየባቸው አንድ መነኩሴ እግራቸውን ሲዘረጉልኝ በውስጥ እግራቸው ባቄላ የሚያህል ቁስል አየሁ፤ ዙሪያው ቀልቷል። «አባቴ፥ አያምዎትምን?» ብላቸው «የጫማዬ ሚስማር ነክቶኝ ይሆናል፤ ምንም አይሰማኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም ይህን ከትዕግሥታቸው ቈጥሬ አደነቅሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ። በማግስቱ በስቅለት ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ዋሉ። በፋሲካ ማግስት ግን ትኩሳት ጣላቸው፥ እግራቸውም ጠቁሮ ተገኘ። ሐኪሞች ከጉልበታቸው በታች ቈረጡት።

ነገሩ ትዕግሥት እንዳልነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በዘመን ብዛት ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ያደነዝዛል፥ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። እንግዲህ እግሩ ሲወጋ አይጮኽም፤ ሲቈስልም የሚያድነው ደም በበቂ አይደርሰውም። ሽምግልና ሲጨመርበት ዓይን ይደክማል፥ ወገብም አልታጠፍ ይላል፤ ስለዚህ ቁስሉን ከሰው ሁሉ በኋላ የሚያየው ባለቤቱ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘ ወዲህ ሕሙማን ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ እግርን የሚጎዳው ይህ መዘዝም ጊዜ አግኝቶ ይገለጣል።

እኔም ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ «ሲሰማዎት ይንገሩኝ» ብሎ ቀጭን የናይለን ክር በውስጥ እግሬ ያስነካ ጀመር። መጀመሩን ስጠባበቅ «ጨርሻለሁ» አለኝ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ተሳላሚዎች ሆይ፥ ይህ በሽታ ያለባችሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያወለቃችሁትን ጫማ ስታጠልቁ አስቀድማችሁ ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ጠጠር አይጠፋውም። ለጉዞው የተገዛ አዲስ ጫማማ ከአሮጌው ይልቅ ያስፈራኛል። በሐምሌና በነሐሴ የኢየሩሳሌም ድንጋይ በቀትር ያቃጥላልና በባዶ እግር አትርገጡት፤ ወደ ዮርዳኖስ ስትወርዱም እንዲሁ። የደከመ እግራችሁን ስትታጠቡ የውኃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ እንጂ በእግራችሁ አትመኑ። ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ብታዩ፥ ባያምም እንኳ፥ በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩ፤ በዓሉ ይለፍ አትበሉ።

እኒያ አባት ዛሬ በሰው ሠራሽ እግር ይሄዳሉ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ በደጄ ሲያልፉ በምርኩዛቸው በሩን መታ አድርገው «እግርህን አይተሃልን?» ይሉኛል። እኔም መስተዋቴን አንሥቼ አሳያቸዋለሁ።