ስለ ልጆች ጠባይና ስለ ተሰበረው መስተዋት

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ የሌላውን ሰው ጥፋት ስመዘግብ እውላለሁ እንጂ የራሴን ጥፋት ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን በአርባ ምንጭ ከተማ በሁለተኛ ክፍል በሚማረው ልጄ ምክንያት የደረሰብኝን ነገር፥ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ታዩት ዘንድ፥ ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ያረጀ የማንጎ ዛፍ አለ። አገራችን ሙቀትና ውኃ ያላት በመሆኗ ማንጎና ሙዝ እንደ ልብ ይበቅልባታል፤ ፍሬው በደረሰ ጊዜም ልጆችን ድንጋይ ከመወርወር የሚከለክል ዘበኛ እስካሁን አልተገኘም። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የተወረወረ ድንጋይ ፍሬውን ስቶ የክፍሉን መስተዋት ሰበረ። ልጆቹ ሁሉ ሲበተኑ፥ ማንጎ በእጁ ይዞ ከዛፉ ሥር የተገኘው ከዶርዜ ወርዶ በሲቀላ የሚኖር የአንድ ሸማኔ ልጅ ነበረ። «የወደቀውን አነሣሁ እንጂ አልወረወርሁም» ቢል የሚያምነው ጠፋ። አባትህ መጥቶ ዋጋውን ካልከፈለ አትገባም ተብሎ ተመለሰ። አባቱም ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ ሕፃኑ ሦስት ቀን ሙሉ ከሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ ፈትል ሲደውር ዋለ። (ለበዓል የምንለብሰው ጋቢና ነጠላ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ሆኖ ሳለ፥ ጥፋት በተፈለገ ጊዜ ዓይናችን ወደ እነርሱ ልጆች መፍጠኑ የሚያሳፍር ነው።)

በእነዚያ ሦስት ቀኖች ልጄ እራት አልበላም አለ። እናቱም ወባ የያዘው መስሏት ግንባሩን ትዳስስ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት «እማዬ፥ ድንጋዩን የወረወርሁት እኔ ነኝ» አላት። ስለ ምን አልተናገርህም ብላ ብትጠይቀው፥ «አባባ በቀበቶ ይገርፈኛል» ብሎ መለሰ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማ ነበር።

እውነተኛ ልጅ አሳደግሁ እያልሁ በወዳጆቼ ፊት ስመካ ኖሬአለሁ። ቀበቶዬ ያስተማረው ግን መሸሸግን ነበረ፤ የትምህርቱንም ዋጋ የከፈለው የሰው ልጅ ሆነ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በደጋው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥሬ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቤ፥ ዳዊት ደግሜአለሁ። አለንጋውም አልቀረልኝም። «ተገርፌ ሰው ሆንሁ» ማለት እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ እኵዮቼ የዘወትር ቃሌ ነበረ። ነገሩን በደንብ ሳስበው ግን ንባቡን ያቀናልኝ፥ ስሳሳት ከጎኔ ተቀምጦ በለሆሳስ አብሮኝ የሚያነበው ታላቅ ተማሪ ነበረ እንጂ አለንጋው አልነበረም። ኋላም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ አንዲት መምህርት ነበረች፤ በየዓርቡ ተማሪዎቹ ያደረጉትን መልካም ነገር ከደብተሯ ታነብልን ነበር። እኛ ትልልቆቹ የፈረንጅ ማቈላመጥ ነው ብለን እንስቅባት ነበር። አንድ ዓርብ ለታመመ ባልንጀራዬ ውኃ መቅዳቴን አነበበች። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ፥ ዛሬም አልረሳሁትም፤ የተገረፍሁባቸውን ምክንያቶች ግን አንዱን እንኳ አላስታውስም።

በሕጉም በኩል አላወቅሁም ብዬ ላመካኝ አልችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 ሰው ልጁን ወይም ተማሪውን በመጠኑ ቢቀጣ ጥፋት አይደለም ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች አካልን ከሚነካ ቅጣት ነጻ ይሁኑ ብሎ ደነገገ። ይህን ቃል በእጄ ስንት ጊዜ ገልብጫለሁ! ነገር ግን ለመምህሩ የተጻፈ ነው እንጂ ከቤቴ ደጃፍ አይገባም እያልሁ አልፈው ነበር።

ደግሞም ይህ ምክር ከውጭ አገር የመጣ እንዳይመስል። በጋሞ አባቶቻችን ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም ነውር ሠርቶ የሸሸገ ሰው በራሱና በቤተሰቡ ላይ መከራ ይስባል ማለት ነው። መድኃኒቱም መናገርና የበደሉትን መታረቅ ነው እንጂ ግርፋት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፥ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ዱላ ይዘው ቢወጡ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጎልማሳ ጋራ እንዴት ይችሉ ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ወጣቶቹን የመለሳቸው ሣሩን ማክበር ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያዩ ማደጋቸው ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ልጄን ይዤ ወደ ሸማኔው ቤት ሄድሁ። በመንገድ ሳለን ከቦዩ ዳር ሣር ነጨ። ይህ የሽማግሌ ነገር ነው፥ ተው ልለው ነበርና መልሼ ዝም አልሁ። ሸማኔው ከጕድጓዱ ወጥቶ ሳንቲሙን በመቍጠር ላይ ነበረ። «መስተዋቱን የሰበረው የእኔ ልጅ ነው፤ ያስፈራሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጌታዬ፥ እኔም እኮ ልጄን መትቼዋለሁ፤ አላመንሁትም ነበር» አለኝ። ከዚህ በኋላ ሁለታችንም የምንናገረው ጠፋን። ልጆቹ ግን ሣሩን ተቀባብለው ወደ ደጅ ወጡ።

በትምህርት ቤት መምህርቲቱ ልጄን በክፍሉ ፊት አቁማ ነገሩን አስነገረችውና፥ ስለ ተናገረ አመሰገነችው። እኔም ይህ አልተዋጠልኝም፤ ያጠፋው ተመስግኖ ያላጠፋው ዝም ተብሎ ሊቀር ነውን? ብዬ ተከራከርኋት። «እርሱንማ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሁለተኛውን ልጅ ዛሬ ብቈጣው ግን ነገ የሚናገር አላገኝም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የሚስዮኗን ደብተር ነገር ባወራላት ደግሞ ሳቀች፤ «ሰባ ልጅ ይዤ በየት ጊዜ?» አለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን በየዓርቡ ልጆቹ እርስ በርሳቸው አንዱ የሌላውን መልካም ሥራ እንዲናገሩ ማድረጓን ሰማሁ።

የመስተዋቱን ዋጋ እኔ ከፈልሁ፤ ልጄም የሰበረውን ስባሪ ከዘበኛው ጋራ ለቀመ። በመጀመሪያው ዓርብ ስሙ ሳይጠራ ቀረ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ፥ አኵርፎ ገባ። በሦስተኛው ዓርብ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

«አባባ፥ ዛሬም አልተጠራሁም» አለኝ። «እኔ ግን የሸማኔውን ልጅ ስም ጠራሁ።»

«ስለ ምን ጠራኸው?»

«ማንጎ ሲያነሣ አካፈለኛ።»