ወንበር ለሚያጥፈው ወንድም

በየቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ያቋረጠ ቢያንስ አንድ ሰው አይጠፋም። ላታውቁት ትችላላችሁ። ክረምት ገብቶ ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሱት ጓደኞቻችን ከፕሮግራም በኋላ ለሰላምታ ሲቆሙ፣ እሱ ወንበር ማጠፍ ይጀምራል። «አንተስ የት ደረሰህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይደርስበት ሥራ ላይ መገኘት ይፈልጋል። እኔ ሦስት ክረምት ወንበር አጥፌያለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለዚያ ወንድም፣ ደግሞም ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ለማትጠፋው እህት ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ ታውቁበታላችሁ።

ምስክርነት አይደለም። በምስክርነት ሰዓት ታሪክ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ከችግር ተነስቶ ሃሌ ሉያ ላይ ይደርሳል፤ የእኔ ግን ይኸው ስንት ዓመት ፈጅቶ አሁንም መንገድ ላይ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት በ2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ፣ 11ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሹፌር የነበሩት አባቴ በጀርባ ሕመም አልጋ ያዙ። ከእኔ በታች ሦስት ልጆች አሉ። እናቴ ብቻዋን ልትገፋው አልቻለችም። ማንም «ተው» አላለኝም፤ «ቀጥል» ያለኝም የለም። አንድ ሰኞ ዩኒፎርሜን ሳልለብስ ከቤት ወጣሁና መናኸሪያ አካባቢ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በወር 800 ብር ሥራ ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ ያጽናኑኝ የነበሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ስም ይጠሩልኝ ነበር፦ ቢል ጌትስ። «እሱም እኮ አቋርጦ ነው!» ለማጽናናት መሆኑን አልጠላሁትም። ነገር ግን ቢል ጌትስ ያቋረጠው ሃርቫርድን ነው፤ ያውም በ1968 እ.ኤ.አ. ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ መሣሪያ ነበረው። 11ኛ ክፍልን አቋርጦ የመታወቂያ ኮፒ ከሚያነሳ ልጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር ትንሽ ነው። እናንተም በዚህ ስም ስትጽናኑ ከቆያችሁ፣ እባካችሁ ሌላ መጽናኛ ፈልጉ።

የኮፒ ቤትን ግን አትናቁ። የከተማው ችግር ሁሉ በፍላሽ ተይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ነገ የሚያስረክብ ተማሪ እያለከለከ ይገባና «ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ» ይላል። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም፤ ደብቆ በቦታው የሐሰት ምልክት አስቀምጧል። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አትሪብ የሚባለውን ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው በአንድ መስመር ጽሑፉን መልሶ ያወጣለታል። መጀመሪያ ትርጉሙን ሳላውቅ ሸመደድኩት። በኋላ እያንዳንዷ ፊደል ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ጓጓሁ። ኮምፒውተር በጽሑፍ እንደሚታዘዝ ያወቅሁት በዚያ መስኮት ነው።

ከጎረቤታችን አንድ ጠጋኝ ነበር፤ ብዙ የማይናገር ሰው። አንድ ቀን የአንድ ቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ኮምፒውተሯን አስይዛ መጣች። «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ፤ ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ አስጫንኩ፤ ከፍዬ ከፍዬ ሰለቸኝ» አለች። እኔ ገመዱን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ጠጋኙ «መጀመሪያ ሰዓቱን እየው» አለኝ። ከስክሪኑ ጥግ ያለው ቀን ጥር 2009 እ.ኤ.አ. ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ባትሪዋ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። አስተማማኝ ድረ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል የምስክር ወረቀት አላቸው። ኮምፒውተሩ በ2009 እንዳለ ሲያስብ፣ የጣቢያው ወረቀት «ገና ያልጀመረ» ይሆንበትና በሩን ይዘጋል። ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢጫን ለውጥ የለውም። ባትሪዋን ቀየርን፣ ሰዓቱን አስተካከልን፣ ሴትዮዋ ሄደች።

ይህንን በዝርዝር የማወራው ወድጄ አይደለም። የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ይኸው ስለሆነ ነው፦ ከመንካት በፊት መጠየቅ፣ መቼ ጀመረ፣ ምን ተቀየረ፣ ምን አልተቀየረም። እንዲህ ማሰብ የሚችል ሰው ፎቶ ኮፒ ቤትም ሆነ ባንክ ውስጥ ይፈለጋል።

ከዚያ ጠጋኝ ጋር እየወጣሁ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ጀመርኩ። ስምንቱ ሽቦዎች ተራ አላቸው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በአንድ የሰንበት ትምህርት መዝሙር ዜማ ሸመደድኩት፤ ዛሬም ገመድ ስይዝ አንጎራጉራለሁ። አንዱ ገመድ ከ100 ሜትር ማለፍ እንደሌለበት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጣብቆ መሄድ እንደሌለበት የተማርኩት ጣሪያ ውስጥ ተጋድሜ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። የተግባር ፈተናውን አለፍኩ፤ እንዲያውም ስጠብቅ ሳለሁ የጸሐፊዋን ፕሪንተር አስተካከልኩላት። ከዚያ ቅጽ ተሰጠኝ። «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ቦታ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። ሰውየው አነበበና ቅጹን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ መለሰው። ክፉ ሰው አልነበረም። የደመወዝ እርከኑ ከወረቀቱ ጋር የታሰረ ነው፤ እሱ ሊፈታው አይችልም። ያን ቀን ከመናኸሪያ እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

በር የከፈተልኝ ነገር የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ አዲስ ላፕቶፕ ተገዛለት። አንድ ሽማግሌ ለብዙ ዓመታት የተየቧቸው ከ400 በላይ መዝሙሮች ሲከፈቱ ግን ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ሽማግሌው ፈዘው ቀሩ። ቢሮ ውስጥ ያለችው እህት እያለቀሰች ጠራችኝ።

ችግሩ የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ችግር ነው። የዩኒኮድ ማኅበር የኢትዮጵያን ፊደል በመዝገቡ ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የእኛ ፊደል የራሱ ቦታ ስላልነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተደርቦ ይቀመጥ ነበር። ቦታው ደግሞ ከ256 አይበልጥም። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጦ ያጋጥማቸዋል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ከሥር ያለው ላቲን ይታያል። መዝሙሮቹ አልጠፉም ማለት ነው፤ አስተርጓሚ አጥተዋል።

በዚያን ጊዜ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በስልኬ መማር ጀምሬ ነበር። ኮፒ ቤቱ ባዶ ሲሆን ገጾችን አወርዳለሁ፤ መብራት ሲጠፋ አነባለሁ። እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃኝ የስህተት መልእክቶችን ከነትርጉማቸው የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። በዚያው ደብተር ላይ የድሮውን ፊደላት ዝርዝር በግራ፣ የዩኒኮዱን በቀኝ ጻፍኩ። ሥራው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ አጭር ነው። ከሁለት ቁራጭ የሚገጣጠም ፊደል ካለ መጀመሪያ ጥንዱን መፈለግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ነጠላው ቀድሞ ይተረጎምና ቅጥያው ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሌላም ነገር መጣ፦ ሽማግሌው ከየመዝሙሩ ራስ ላይ ቁልፉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ዲ ማይነር፣ ጂ እያሉ። ፕሮግራሙ እነሱንም ወደ ግዕዝ ለወጣቸው! መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ የፎንቱን ስም ማየት ነበር፤ የግዕዙን ፎንት የያዘውን ብቻ ቀይር፣ ሌላውን ተው። አዲሱ የዎርድ ፋይል በውስጡ የታሸገ ጽሑፍ ስለሆነ የፎንቱ ስም እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

አምስት ሳምንት ወሰደ። ሽማግሌው በስክሪኑ ላይ ቀስ እያሉ ካነበቡ በኋላ «እኔ የተሳሳትኳትንም ፊደል ይዞ መጣ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ እሷንም» አልኳቸው። ሳቁ።

የአንድ ትንሽ ሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ ይህን ሰምቶ አስጠራኝ። ስለ ወረቀት አልጠየቀኝም፤ ኮዱን ከፈተና «ጥንዱን ለምን አስቀደምክ?» አለኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ለሦስት ወር በሙከራ ገባሁ፤ ከዚያም ቀረሁ።

እንግዲህ ዛሬ እንደ እኔ በር ላይ ያሉት ጥቂቶች አይደሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ «ኮምፒውተር ተማሩ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ዝርዝሩን ልንገራችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል። የሙያ ብቃት ምዘናውም ሙያውን በሥራ ላይ ለተማረ ሰው ጭምር የተከፈተ ነው፤ በጽሑፍም በተግባርም ይፈትናል። ነገር ግን የምስክር ወረቀት ብቻውን አይቀጥራችሁም። አንድ እውነተኛ ሰው የተቸገረበትን አንድ ነገር ሥሩ፤ የሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት የዱቤ መዝገብ፣ የዕድር መዋጮ። ሲጠይቋችሁ የምትከፍቱት እሱን ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ይህን ለማቋረጥ ፈቃድ አድርጋችሁ አትያዙት፤ እለምናችኋለሁ። እኔ የቀረብኝን አውቀዋለሁ። ባልደረቦቼ ስለ ማትሪክስ ሲያወሩ ቃሉን ጽፌ ቤት ሄጄ እፈልጋለሁ። እኩል ሠርተን ደመወዛችን እኩል ያልሆነበት ዓመት ነበር፤ ያችው የትምህርት ደረጃ የምትለው ቦታ ናት ምክንያቷ።

አባቴ አሁን በከዘራ ይሄዳሉ፤ ከታናናሾቼ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። እኔ የማታ ተማሪ ነኝ፤ 11ኛን ጨርሼ 12ኛ ላይ ደርሻለሁ። የፊዚክስ መምህራችን በዕድሜ ያንሰኛል፤ እሱ «አንቱ» ይለኛል፣ እኔም «አንቱ» እለዋለሁ፣ ክፍሉ ይስቃል። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ የቤት ሥራዬን ገና አልጨረስኩምና እዚህ ላይ ላቁም።