ተናጋሪው በነጻ፣ አድማጩ በአበል

ጅማ ላይ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ሲካሄድ ከመድረኩ ይልቅ በሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ብዙ ትናገራለች። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ። ጧት የሚፈረመው ለመገኘት ነው፤ ማታ የሚፈረመው ለአበል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ የመጣው ባለሙያ የትራንስፖርቱንና የውሎ አበሉን ቆጥሮ ኪሱ ይከታል። አበል የሌለው ስብሰባ ከሆነ ደግሞ ኃላፊው «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ምክትሉን ይልካል፣ ምክትሉም ጀማሪውን። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የተናገረው እንግዳ፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ጭብጨባና የምስጋና ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ገንዘብ ይፈልጋል ብሎ የሚያስብ የለማ!

ዋሽንግተን ወይም ለንደን የኖረ ሰው የሚያውቀው፣ ወይም የሚያውቅ የሚመስለው፣ የዚህን ተቃራኒ ነው። እዚያ አድማጭ ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ ተናጋሪ ይከፈለዋል። ስለዚህ ካደገበት ትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት «መጥተህ ንግግር አድርግልን» የሚል መልእክት ሲደርሰው ይቸገራል። ክፍያ ቢጠይቅ «ላገሩ እንኳ በዶላር ነው የሚናገረው» ይባላል። ባይጠይቅ፣ አዳራሹ ውስጥ በነጻ የዋለው እሱ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አበልን የተሰብሳቢ ስግብግብነት አድርጎ ማየት ይቀላል፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የወረዳ ባለሙያ ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰውም፤ ከሊሙ ተነስቶ ጅማ ውሎ ለማደር ከኪሱ ማውጣት አይችልም። የኖርዌይ የልማት ትብብር ድርጅት ኖራድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን፣ የማላዊንና የታንዛኒያን የውሎ አበል አሠራር መርምሮ ነበር። አበል የአነስተኛ ደመወዝ ማሟያ እንደሆነ፣ ከዚያም አልፎ የማያስፈልጉ ስብሰባዎችን እንደሚያበዛ በዝርዝር አሳይቷል። ክርክሩ ግን ያኔም ዛሬም የሚያተኩረው በተቀማጩ ላይ ነው፤ የቆመው ሰው ይከፈለው ወይስ አይከፈለው የሚለው እምብዛም አይነሳም። አዘጋጁ ለአዳራሽ፣ ለባነር፣ ለሻይ ቡና፣ ለምሳና ለአበል በጀት ይይዛል። ተናጋሪው የሚመጣው በይሉኝታ ነው።

ውጭ አገርም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። የዓለማችን ዝነኛ የንግግር መድረክ የሆነው ቴድ ለዋናው ጉባኤው መግቢያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል፤ ለተናጋሪዎቹ ግን የንግግር ክፍያ አይሰጥም። በስሙ ፈቃድ እየወሰዱ በየከተማው የሚዘጋጁት ቴድኤክስ መድረኮችም ለተናጋሪ እንዳይከፍሉ ደንቡ ያዛቸዋል። በምሁራን ጉባኤ ላይ ጥናቱን የሚያቀርበው ተመራማሪ ጭራሽ የመመዝገቢያ ክፍያ ከፍሎ ነው የሚናገረው። በሌላው ጫፍ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ለንግግር ገንዘብ መቀበል ለጥቅመኞች በር ከፍቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሥነ ምግባር ሕግ ተከልክለዋል። የሚከፈለውና የማይከፈለው ንግግር እዚያም ድንበሩ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል።

ነጻ መድረክ ያዋጣቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በጁን 2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የምርት ገበያ ተናግራለች። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆና ለዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ትሠራ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚቀጥለው ዓመት፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቡናም በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ገባበት። ንግግሩ ገበያውን አልፈጠረውም፤ ዝግጅቱ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ንግግሩ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ በኋላ የመራችውን ሥራ ዓለም በስም እንዲያውቀው አደረገ። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ የሚከፈል ገንዘብ ቢኖር እንኳ ከዚህ ጥቅም ጋር አይተካከልም። ልዩነቱ የሚመጣው የያዘውን ሥራ ለማስተዋወቅ የሚሄድና ለአዘጋጁ ሰዓት ለመሙላት የሚጠራ ሰው ሲነጻጸሩ ነው። ብዙዎቹ «ስምህ ይታወቅልሃል» የሚባሉት ግብዣዎች የሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከማይክሮፎን ይልቅ ጀበና ይዘው የሚናገሩበት መድረክ ደግሞ አለ። አንድ ኩባንያ የባህል ቀን ያከብራል እንበል፤ ወይም የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት። አንዲት ኢትዮጵያዊት ትጠራለች፤ «ቡናችሁን አሳዪን፣ ትንሽም አስረጂን» ትባላለች። ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ ሲኒዎቹን፣ ዕጣኑን፣ ፈንዲሻውን ከቤቷ ጭና፣ ጥሬ ቡናውን ከኪሷ ገዝታ ትሄዳለች። እየቆላች ስለ አቦል፣ ቶናና በረካ ታስረዳለች። የቡና መነሻ የት እንደሆነም ትናገራለች፤ ከአጋሮ የሄደች ከሆነች የጎማዋን ጮጬን ትጠራለች፣ ከቦንጋ የሄደች ከሆነች ከፋን ትላለች (ይህን ክርክር በክፍያም በነጻም የጨረሰው የለም)። ሁለት ሰዓት ያልፋል። በዚያው አዳራሽ ፎቶ አንሺው፣ ምግብ አቅራቢውና ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ደረሰኝ ቆርጠው ይከፈላቸዋል። እሷ ግን አበባና የኩባንያው አርማ የታተመበት ቦርሳ ይደርሳታል።

ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍራት ቡና ለእንግዳ ስለማይሸጥ ነው። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ተብሎ ይጠራል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። ግን ጅማ ከተማ ጎዳና ዳር በርጩማ ደርድራ የጀበና ቡና የምታቀርበው ሴት በሲኒ ታስከፍላለች፤ ማንም አያፍርባትም፤ እሷም አታፍርም። የኩባንያው እንግዳ ጎረቤት አይደለም። ለባህል ቀኑ በጀት ይዟል። የቆላችው ቡና፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የእረፍት ቀኗ ሁሉም ዋጋ አላቸው፤ ይህን በኢሜይል ጽፋ መላክ ቡናውን አያረክሰውም።

ወደ አጋሮ አካባቢ ስንመለስ፣ በነጻ ሲናገር የሚውለው ሰው ብዙውን ጊዜ ዶክተርም ዲያስፖራም አይደለም። የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው።

የአጋሮ አካባቢ ቡና ለረጅም ጊዜ በጀንፈል እየደረቀ፣ በዝቅተኛ ደረጃና «ጅማ 5» በሚል ስም በርካሽ ሲሸጥ ኖሯል። የእርጥብ ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲስፋፉ ነገሩ ተለወጠ፤ ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መገመት አይከብድም። የኦስሎው፣ የፖርትላንዱ፣ የቶኪዮው ቡና ቆዪ ይመጣል። ሊቀ መንበሩ ማጠቢያውን፣ የማድረቂያ አልጋውን እያዞረ ያሳያል፤ ማኅበሩ እንዴት እንደተመሠረተ፣ በፊት እንዴት እንደነበሩ ይተርካል። ትረካው ፎቶው ተጨምሮበት በቡና ከረጢት ጀርባ ይታተማል። ለዚህ የአንደበት ክፍያ የጠየቀ ሊቀ መንበር ቢኖር ኖሮ ይስቁበት ነበር። ሆኖም ገዢውን ማስተናገድ ነጻ ሥራ አይደለም፤ ዋጋው ውሉ ላይ ይገኛል፣ ካልተገኘ ደግሞ ሊቀ መንበሩ በሚቀጥለው ዓመት ትረካውን ቢያሳጥረው መብቱ ነው። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሩት አቶ ታደሰ መስቀላ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ብላክ ጎልድ» ዘጋቢ ፊልም ላይ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ገዢ ሲፈልጉ ይታያሉ። ለእሳቸው መናገር ሽያጭ ነበር።

ችግሩ ከገዢው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተመራማሪው መጠይቅ ይዞ ይመጣል፣ የድርጅቱ ሰው ልምድ አካፍሉን ይላል፣ ጋዜጠኛውም፣ የጎረቤት ወረዳ ልዑካንም። እነዚህ ቡና አይገዙም። ብዙውን ጊዜ የሚመጡትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ምክንያቱም ቀይ እሸት በዛፍ ላይ የሚታየው፣ ፎቶውም የሚያምረው ያኔ ነው። በዚያ ወቅት የተለቀመ እሸት በዕለቱ መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ደረጃውም ይወርዳል። በኅዳር የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ንግግር እና በግንቦት የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ንግግር ለገበሬው እኩል አይደሉም። ተጋባዡ ሰዓቱን ሲያሰላ በደመወዝ ሳይሆን በለቃሚ ቢያሰላው ይሻላል፤ እሱ ለእንግዳ ሲናገር እሸቱን የሚያስለቅመው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

በጅማና በዙሪያዋ በእርግጥም በነጻ የሚነገርባቸው፣ ክፍያ ማንሳት የሚያስነውርባቸው መድረኮች አሉ። የእድር ስብሰባ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ የወላጆች በዓል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ1999 ከተመሠረተ ጀምሮ ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር አስተሳስሮ ይሰጣል፤ የጤና ተማሪዎቹ አጋሮን በመሳሰሉ ከተሞች ወጥተው ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ፣ ስለ እርግዝና ክትትል ሕዝብ ፊት ቆመው ያስተምራሉ። ብዙ የጅማ ምሩቅ ሐኪም ሕዝብ ፊት መናገርን የተማረው እዚያ ነው። ዛሬ አትላንታ ወይም ቶሮንቶ ሆኖ ለአንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች እንዲናገር ቢጠየቅ «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» የሚል መልስ ከአፉ ሊወጣ አይገባም።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ የራሱ መልስ ይኖረዋል፤ ይህ ጽሑፍ የሚያዘነብለው ግን ወደ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን እየተከፈለው ነው? ማንም ካልተከፈለው በነጻ መናገር ወግ ነው። አዳራሹ፣ ባነሩ፣ ሆቴሉና ተሰብሳቢው ተከፍሏቸው ተናጋሪው ብቻ በምስጋና ከቀረ ግን በጀቱ ሲሠራ የእሱ ስም ተረስቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዲያስፖራው ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው። ውጭ አገር ባለ በጀት ኩባንያ ሲጠራው እየተኩራራ በነጻ ይናገራል፤ ካደገበት ከተማ ያለ በጀት የሚጠራው ትምህርት ቤት ግን «ፕሮግራሜ አይመችም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ሲሄድም ሌላ ነገር ሳያስተውል ያልፋል። ጅማ ውስጥ ደመወዛቸውን በሥልጠና ክፍያ የሚደጉሙ መምህራንና ባለሙያዎች አሉ። እንግዳው ለባለ በጀት ድርጅት ሦስት ቀን በነጻ አሠልጥኖ ሲመለስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የአገሬው አሠልጣኝ «ከአሜሪካ የመጣው እንኳ አላስከፈለንም» ይባላል። ክፍያውን ተቀብሎ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መስጠት ይቻላል፤ የአገሬውን ገበያ አያፈርስም፣ የእንግዳውንም ስም አያጎድፍም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ለሚጓዙትም አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ከጅማ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለንግግር የሚጋበዝ መምህር በጎብኚ ቪዛ ገንዘብ መቀበል እንደማይችል ይነገረዋል፤ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ የጎብኚ ቪዛ የያዘ ተጋባዥ ከከፍተኛ ትምህርት ተቋማትና ከመሰሎቻቸው የንግግር ክፍያ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ በአንድ ተቋም ያለው ሥራ ከ9 ቀን እንዳይበልጥ፣ በ6 ወር ውስጥም ከ5 ተቋማት በላይ እንዳይቀበል በሚል ገደብ። ይህን ሳያውቁ «ግዴለም፣ በነጻ ይሁን» ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ቀን መምረጥም የውሳኔው አካል ነው። ዲያስፖራው በብዛት የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፣ የገጠሩም መንገድ ጭቃ ነው። ስለዚህ ብዙ ግብዣ ዛሬ በቪዲዮ ሆኗል። ጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ስብሰባ በዋሽንግተን የብርድ ወራት ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት እንዲሆን መጠየቅ ይሻላል፤ ያኔ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ተናጋሪውም ሥራ ከመግባቱ በፊት ይጨርሳል።

አጋሮ፣ ሊሙ ወይም ጌራ ላይ ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ ካልሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ጊዜ የሚናገረው እሱ ነው፣ ለጥያቄዎቹም የሚላበው እሱ ነው። ለራሱ ክፍያ መጠየቅ የሚያሳፍረው ተጋባዥ ለአስተርጓሚው መጠየቅ አያቅተውም፤ አዘጋጁም ለአገሬው መምህር የሚከፈል ነገር ሲጠየቅ ከበጀቱ ፈልጎ ማግኘት ይቀለዋል።