መጀመሪያ ማን ይጠየቅ?

በእንግሊዙ ቢቢሲ የምግብ ዝግጅት ውድድር በማስተርሼፍ አቅራቢ በግሬግ ዋላስ ላይ ከቀረቡት 83 አቤቱታዎች 45ቱ በምርመራ መረጋገጣቸው በ2025 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። አብዛኞቹ ነውረኛ ንግግርና ቀልድ ነበሩ። ጣቢያው ግን ለተወዳዳሪዎቹ ድካም ሲል ቀድሞ የተቀረጸውን አስተላለፈ። መታየት ያልፈለገች አንዲት ተወዳዳሪም ምስሏ ተቆርጦ ወጣ። ውድድሩ በአዳዲስ አቅራቢዎች እንዲቀጥል ተወሰነ።

እኛም ሐዋሳ ሆነን ይህን ስንሰማ ስለ ጌታ ቤት አሰብን። አገልጋይ ሲወድቅ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «አገልግሎቱ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው፤ «ማን ተጎዳ?» የሚለው ይዘገያል። በሕዝቅኤል 34 ግን ጌታ እረኞቹን ገሥጾ የተሰበሩትን በጎች ራሱ ሊፈልግ ተነሣ። አገልግሎቱ ይቀጥል፤ አስቀድመን ግን የተጎዳችውን እህት እንስማት። መንጋው የጌታ ነውና። ጸጋው ይብዛላችሁ።