ያልተነካ አደራ

በእኛ ቤት የአደራ ዕቃ አይነካም። እናቴ ያሳደገችን በዚህ ሕግ ነው፤ ቤቱን ስረከብ ሕጉንም አብሬ ተረከብኩ። እንዲህ ከተጠበቁት ዕቃዎች አንዱ የአጎቴ ጊታር ነው። በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊው ሰዉን በጊዜ ወደ ቤቱ ሲከተው፣ አጎቴ ረጅሙን ሌሊት የሚገፋው በዚያ ጊታር ነበር። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለእናቴ ትቶላት ሄደ። እሷም በአንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

እኔም እኮራበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ «የአጎቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም» እላለሁ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ አንሶላውን ስትገልጥ ደረስኩባትና ለአንድ ጊታር የማይገባ ቁጣ ተቆጣኋት። ያኔ ለምን ተብዬ ብጠየቅ «አደራ ነዋ!» ብዬ እገላገል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጊታሩ እንዳይሰበር ከመፍራቴ ይልቅ የምፈራው በእኔ ጊዜ እንዳይሰበር ነበር። ማንም ካልነካው ማንም አይጠይቀኝም።

ቤቱ ቀለም ሲቀባ ግድ ሆነና አወረድኩት። እንጨቱ ሙሉ ነው፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። ክሮቹ ግን ዝገዋል። ከአንገቱ በጣም ርቀው ስለቆሙ በጣት መጫን እጅ ያሳምማል። ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት፣ ብሪጅ የሚባለው እንጨት ደግሞ ከኋላው ተነሥቶ ወረቀት ያስገባል። ማንም ሳይነካው እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ?

ክራርም ጊታርም ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። ገና እንደተቀበሉኝ መቃኛዎቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ክሮቹን ማላላት ጀመሩ።

«ማነው እንዲህ ወጥሮ ያስቀመጠው?»

«ማንም አልነካውም፣ ጋሼ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ከዚያ አስረዱኝ። ስድስት የብረት ክር በትክክል ሲቃኝ ጊታሩን የሚጎትትበት ኃይል ተደምሮ ወደ 70 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር እንኳ 40 ኪሎ ያህል ይሸከማል። እንግዲህ የአጎቴ ጊታር ቁም ሳጥን ላይ አላረፈም፤ አንድ ጎልማሳ ሰው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለበት ሌት ተቀን ሸክም ላይ ኖሯል። እኛ «ተቀምጧል» ስንል እሱ እየጎበጠ ነበር። በዚህ ላይ አየሩ አለ። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን እንጨቱን ክረምቱ ሲያሳብጠው በጋው ሲያኮማትረው፣ ያያያዘው ኮላ ከዓመት ዓመት ይደክማል።

በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ «ኒፖን ጋኪ» የሚል የያማሃ ወረቀት ተለጥፎበት አገኙ። ኩባንያው ይህን ስሙን ትቶ ያማሃ ኮርፖሬሽን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ስለዚህ ጊታሩ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ውድ ዕቃ ይሆናል ብዬ ልደሰት ስል «ፊቱ ኮምፔንሳቶ ነው» ብለው አበረዱኝ። ያተረፈውም ይኸው ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ ጣውላዎች አቅጣጫቸው እየተቀያየረ የሚጣበቁበት ስለሆነ ድርቀትን ይችላል። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ውድ ጊታር ቢሆን ኖሮ፣ በእኛ አያያዝ ፊቱ መሰንጠቁ አይቀርም ነበር አሉኝ።

ጥገናው ብሪጁን አሙቆ ማንሣትን ይጠይቃል፤ ሥራው ሊበላሽም ይችላል። የድሮው ፍርሃቴ ተነሣብኝና ለአጎቴ ደወልኩ። ፈቃድ ለመጠየቅ ነው ብልም፣ በልቤ ኃላፊነቱን ላጋራው ነበር።

«አሁንም አለ እንዴ?» አለ።

ስለ እንጨቱም፣ ስለ ጭረቱም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ማን ይጫወትበታል?» ብሎ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የኮራሁበትን «ማንም» የሚለውን ቃል ለእሱ መመለስ አሳፈረኝ።

«ታዲያ ይጠገን እንጂ!» አለ። «ቢበላሽስ አሁን ካለበት በምን ይብሳል?»

አዛውንቱ ብሪጁን በሙቀትና በስስ ቢላ አነሡት። በኮላ ላይ የተቀባ ኮላ ስለማይዝ የድሮውን ፍቀው አጸዱ፤ አዲስ ቀብተው በሞርሳ አሥረው እስከ ማግስቱ ተዉት። የጊታሩን ሆድ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ከውስጥ የላላ ድጋፍ ፈለጉና አንዱን በቀዳዳው እጃቸውን አግብተው ለጠፉት። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ስለነበር ምትኩን ከበሬ አጥንት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቀረጹለት። የደረቁትን መቃኛዎች በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብታ አላቀቋቸው። «የምግብ ዘይት ግን እንጨቱን እንዳትቀቢው፤ ይከረፋል» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው አንገቱ ነው። በውስጡ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ፤ ሥራው የክሮቹን ጉተታ በተቃራኒው እየተቋቋመ አንገቱን ማቅናት ነው። እሳቸው ዘንጉን በጥቂቱ ያዞሩትና ይተዉታል፤ በማግስቱ አይተው ደግሞ ጥቂት ያዞሩታል። ለምን በአንድ ጊዜ እንደማይጨርሱት ስጠይቃቸው «እንጨት ሲጎብጥም ሲቀናም ጊዜ ይፈልጋል፤ የቸኮለ ዘንጉን ይሰብራል» አሉኝ።

አዲስ ሆነ ብዬ አልዋሽም። አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ስቷል፤ ዘንጉ ጉብጠቱን እንጂ ማዕዘኑን አያስተካክልም። አንገቱን ነቅሎ እንደገና መትከል ደግሞ ከጊታሩ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ቀጭን ክር መረጡለት፤ ይህ ብቻውን ሸክሙን ከአሥር ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ከሰባተኛው ፍሬት (አንገቱን ከሚያቋርጡት ብረቶች) ወዲያ አሁንም ለጣት ያስቸግራል። ጭረቶቹ እንዳሉ ናቸው። ቀለም እንዲቀቡት ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ ወፍራም ቀለም ፊቱ እንዳይርገበገብ ይይዘዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል።

አሁን ያለው ያኔ የተቆጣኋት የእህቴ ልጅ ዘንድ ነው። ትዝታን በጆሮዋ እየፈለገች ትለማመድበታለች። ክር በጥሳለች፤ ጎኑን ከጠረጴዛ ጋር አጋጭታ አዲስ ጭረት ጨምራበታለች። ያኔ የፈራሁት ሁሉ ደረሰ ማለት ነው። ሆኖም ዛሬ ጊታሩ በእኔ ዘመን ከነበረበት የተሻለ ጥበቃ ላይ ነው። ክሩ ሲዝግ ጣቷ ያውቀዋል፤ ብሪጁ ቢነሣ በሁለተኛው ቀን ቅኝቱ ይነግራታል። የሚጫወትበት ሰው ሳያስበው በየቀኑ ይመረምረዋል።

እኔ ጥበቃ ያልኩት ነገር ብዙውን ጊዜ ከተጠያቂነት መሸሽ እንደነበር የተማርኩት በዚህ ነው። ነገሩ በዕቃ ብቻ አልቀረም። «ችግር ቢኖር ይደወልልን ነበር» እያልኩ ለረጅም ጊዜ ያልጠየቅኋት አክስት ደሴ ነበረችኝ። ደወልኩ። ጉልበቷን ካመማት ሰንብቷል፤ እኛን ላለማስቸገር ዝም ብላ ነው። ዝምታዋን እንደ ጤና ቆጥሬው ኖርኩ። ማንም ያልነካው ነገር ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ማንም አላየውም ማለት ነው።

እናንተም ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ጊታር ካላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። ከብሪጁ ኋላ ወረቀት ይገባ እንደሆነ ሞክሩ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ክሮቹን ጥቂት አላሉ፤ ጨርሳችሁ ግን አትፍቱ፣ ዘንጉ ብቻውን አንገቱን ወደ ኋላ ይገፋዋልና። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትሰሩ፤ ብሪጁን ይነቅለዋል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደውሉና ማን እንዲጫወትበት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ከዚያ በቤታችሁ ሲያየው እጁ የሚያሳክከው ልጅ ካለ፣ ሳትቆጡ ስጡት።