«ተገልብጧል» ብለን የጻፍናት መስመር

ዛሬ አንዲት መስመር ስለማረም እናወጋችኋለን። ነገሩ የኮምፒውተር ቢመስልም አማና ያለበት ሁሉ ይመለከተዋል።

የሸኻችንን ደርሶች ቀርጸን የምናስቀምጠው ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ነው። ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የምትገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። የምትጠቀመውም «ኮፒ ፋይል ሬንጅ» የተባለውን ሲስተም ኮል ነው። ይህ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2016 በከርነል 4.5 የገባ ሲሆን፣ ዳታው በፕሮግራሙ በኩል ሳይመላለስ ከርነሉ ራሱ ከፋይል ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። ለሚረከቡን ልጆችም እንዲህ ብለን መመሪያ ጻፍን፦ «ጥሪው ስህተት ካላሳየ ፋይሉ ተገልብጧል፤ ዋናውን ማጥፋት ይቻላል።»

አንድ ቀን ከ3 ጊጋባይት በላይ የሆነ ደርስ ተገለበጠ። ስህተት አልታየም። አንዱ ወንድማችን መመሪያችንን አምኖ ዋናውን አጠፋው። በኋላ ስናየው የደርሱ ሲሶ የለም! መጀመሪያ ዲስኩን ወቀስን። የተረፈው ግን ልክ 2,147,479,552 ባይት ነበር። ይህ ሊኑክስ በአንድ ጥሪ የሚያስተላልፈው ከፍተኛው መጠን ነው። ዲስኩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው።

የጥሪው ማኑዋል ነገሩን በግልጽ ጽፎታል። ጥሪው የሚመልሰው የገለበጠውን የባይት ብዛት ነው፤ ከጠየቅነው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የቀረውን ይዞ ደጋግሞ መጥራት ያስፈልጋል።

ማኑዋሉ የከርነሉን ጉድለትም አልደበቀም። ከ5.3 እስከ 5.18 ባሉት ከርነሎች፣ በአንዳንድ ምናባዊ የፋይል ሥርዓቶች ላይ ጥሪው ምንም ሳይገለብጥ «ተሳክቷል» ይል እንደነበር መዝግቧል። ለምሳሌ «ፕሮክ» ውስጥ ያሉ ፋይሎች ሲነበቡ ይዘት አላቸው፤ መጠናቸው ግን ዜሮ ተብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 5.19 ወዲህ ዓይነታቸው በተለያየ የፋይል ሥርዓቶች መካከል መገልበጥ ካልተደገፈ ጥሪው በግልጽ ስህተት ይመልሳል። ያኔ ፕሮግራሙ በተለመደው አንብቦ የመጻፍ መንገድ ይቀጥላል።

መድረሳ ሳለን ኪታብ ስንገለብጥ ቅጂውን ከዋናው ጋር ሳናስተያይ አንነሳም ነበር፤ ሙቃበላ ይባላል። በወረቀት የምናውቀውን በዲስክ ረሳነው።

አሁን መስመሯን እንዲህ አርመናል፦ «የተመለሰውን ቁጥር ተመልከት፤ ካነሰ ከቆመበት ቀጥል። ሲያልቅ ቅጂውን ከዋናው ጋር አስተያይ። ሳታስተያይ ዋናውን አታጥፋ።» አሮጌዋን ግን አልፋቅናትም፤ በላይዋ ሰርዘን ቀኑን ጻፍንባት፣ ማን እንደተሳሳተ እንዲታወቅ።

የድሮው ወረቀት እጃችሁ የገባ ካላችሁ እባካችሁ በዚህ ተኩት። የዚያን ደርስ መጨረሻ በስልኩ የቀረጸ ካለም ያድርሰን።