የተጠቀለለው ፊውዝ

በቤታችን አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለች። በ1964 ዓ.ም. የተሠራች ስትሆን፥ የባለቤቴ አባት በሕይወተ ሥጋ ሳሉ እንደ ልጅ ተንከባክበው ይዘዋት ኖረው፥ ሲያርፉ ለእኛ ተረፈች። የዚህን ዐይነት መኪና በአገራችን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፥ በስሙ የምትጠራው ስመ ጥር የስፖርት መኪናም መጀመሪያ የተሠራችው ከዚህችው መኪና ዕቃዎች ነው። የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ተሠርታ ስላበቃች፥ ዛሬ በሶዶ ከተማ አንዲቱን ከመንገድ ሳትወጣ ማቆየት ትዕግሥትን ይጠይቃል። እኔም ትዕግሥቴ ባለቀ ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ለአንባብያን ልናገር እወዳለሁ።

አምና በክረምት የመኪናዪቱ የግራ መብራት ይጠፋ ጀመር። ፊውዙን ስለውጠው ይበራል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ እንደ ገና ይቃጠላል። ፊውዝ ማለት ከተወሰነ መጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱ ቀልጦ መንገዱን የሚዘጋ፥ በዚህም ሽቦውን ከመቃጠል የሚያድን ትንሽ ዕቃ ነው። የዚህኛው መጠን 8 አምፔር ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምራለሁ። ነገር ግን አንድ ማታ መለዋወጫ ባጣሁ ጊዜ፥ ልጄ ከጣለው የማስቲካ መጠቅለያ ብርማውን ወረቀት አንሥቼ የተቃጠለውን ፊውዝ ጠቀለልሁበትና ወደ ቦታው መለስሁት። መብራቱም በራ። ባለቤቴ «ተሠራ ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝ «አዎን፥ ተሠርቷል» አልኋት።

ነሐሴ 24 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዝክር ቦዲቲ ዘመድ ቤት ውለን፥ ሲመሽ ወደ ሶዶ ተመለስን። ዝናቡ ይወርድ ነበር። ሦስቱ ልጆቻችን ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የዚህች መኪና ባትሪ ደግሞ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ጎማው ከአንድ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ትንሿ ልጄ «አባዬ፥ የሚቃጠል ነገር ይሸታል» አለች። ወዲያው ከመሪው ፊት ጢስ ወጣ። መብራቱንም ሞተሩንም አጥፍቼ ልጆቹን በዝናብ ውስጥ አወረድናቸው፤ ከዚያም በጨለማ እየዳበስሁ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። እሳት አልተነሣም። ከመንገዱ ዳር በእንሰት መካከል ባለች ቤት የሚኖሩ ሰዎች ድምፃችንን ሰምተው አስገቡን፤ ልጆቹንም ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ቡና አፈሉልን።

በማግሥቱ ከሶዶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዤ መጣሁ። ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ነው። «ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም ካለኝ በኋላ ፊውዙን አውጥቶ ብርማውን ወረቀት በእጁ መዳፍ ላይ አኖረውና ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «መምህር፥ ፊውዙ ዘበኛዎ ነበር፤ እርስዎ ግን አፉን ዘጉት» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ አላስፈለገኝም።

ሥራውንም እንዲህ አከናወነ። አስቀድሞ የሁለቱን የፊት መብራቶች ሽቦ ከአምፖሎቹ ነቀለ። ቀጥሎም በግራው ፊውዝ ቦታ፥ ሁለት ሽቦ የታሰረበት አንድ ትንሽ አምፖል አገባና ባትሪውን አገናኝቶ የመብራቱን ማብሪያ ከፈተ። የፊት መብራቱ ስለ ተነቀለ ኤሌክትሪኩ መሄጃ ሊኖረው አይገባም ነበር፤ ትንሹ አምፖል ግን ቦግ ብሎ በራ። ይኸውም ሽቦው በመንገዱ አንድ ስፍራ ተልጦ የመኪናዪቱን ብረት እንደ ነካ ምስክር ነው። አምፖሉ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ስለሚወስነው ሽቦው ሳይግል ረጋ ብሎ መመርመር ይቻላል። እርሱም ሽቦውን ከፊውዙ ጀምሮ ስንዝር በስንዝር እያነቃነቀ ሄደ። ወደ ግራው ፓራፋንጎ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሲደርስ አምፖሉ ጠፋ፤ ሲለቀውም መልሶ በራ። በቀዳዳው ዙሪያ የነበረው ጎማ አርጅቶ ረግፎ፥ የብረቱ ጠርዝ የሽቦውን ልባስ በልቶት ኖሯል። የተላጠው የጥፍር ያህል ነበር።

«ይህን በናስትሮ ብንጠቀልለውስ?» አልሁት። እርሱ ግን ከፊውዙ እስከ ቀዳዳው ድረስ የቀለጠውን ልባስ አሳየኝ፤ ይህም የብርማው ወረቀት ሥራ ነበር። ስለዚህ ሽቦውን በሙሉ በዚያው ውፍረት ለወጠው፤ ለቀዳዳው አዲስ ጎማ፥ ለቦታውም የ8 አምፔር ፊውዝ አደረገ።

ንባብ ቤት ሳለሁ የኔታ ያሳሳተኝን ፊደል ሳላገኝ ወደሚቀጥለው ቃል አያሳልፉኝም ነበር። እኔ ግን ጎልምሼ፥ ስሕተቱን ከመፈለግ ይልቅ የሚነግረኝን ዝም ማሰኘት መረጥሁ። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። አልተቈጣችም፤ «ልጆቹን ከኋላ ያስቀመጥኋቸው እኮ ተሠርቷል ስላልኸኝ ነው» አለች። ይህ ቃል ከጢሱ ይልቅ ዐይኔን አስነባው። በኋላም ለንስሐ አባቴ ነገርሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በመኪናችሁም ሆነ በቤታችሁ ፊውዝ ደጋግሞ ቢቃጠል፥ በሚበልጥ ፊውዝ ወይም በሽቦ አትተኩት፤ የተላጠውን ስፍራ ፈልጉ፥ አለዚያም የሚያውቀውን ሰው ጥሩ። በቤተ ሰብ መካከልም አንድ ጠብ ደጋግሞ ቢነሣ እንዲሁ ነው። ያን ብርማ ወረቀት አልጣልሁትም። በመኪናዪቱ ውስጥ ከፊቴ ለጥፌዋለሁ፤ ልጆቼም ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።